ጆን ስኖው የጠየቃቸው ቤቶች

የጆን ስኖው ስም በተነሣ ቁጥር አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ኮሌራን በማሰራጨት የተጠረጠረው የለንደኑ የብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ እጀታው የተነቀለበትን ቀን ነው። እኔ ግን ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ ኮሌራ መተላለፊያ መንገድ ያሳተመውን ሥራ ባነበብኩ ቁጥር ይበልጥ የምቆይበት፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኙ ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞረ ያደረገውን ምርመራ በሚተርከው ክፍል ላይ ነው።

በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከቆሻሻ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስኖው በ1849 ባወጣት አነስተኛ ጽሑፍ የተቃወመው ከበሽታው ጠባይ ተነሥቶ ነው፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከአንጀት ከሆነ መንሥኤው በአፍ የገባ እንጂ በትንፋሽ የተሳበ ሊሆን አይችልም አለ። ስኖው በኤተርና በክሎሮፎርም ማደንዘዝ የታወቀ ባለሙያ ስለነበር፣ ጋዝ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ማወቁ ለዚህ ድፍረት ሳይረዳው አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ክርክሩ ግን ማስረጃ ይፈልግ ነበር። በደቡብ ለንደን ሁለት የውኃ ኩባንያዎች ቧንቧዎቻቸውን በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ነበር፤ ስለዚህ በኑሮም ሆነ በሚተነፍሱት አየር የማይለያዩ ጎረቤታሞች፣ አንደኛው ከሳውዝዋርክና ቮክስሆል፣ ሌላኛው ከላምቤዝ ኩባንያ ውኃ ይቀዱ ነበር። ላምቤዝ በ1852 የውኃ መሳቢያውን የከተማዋ ፍሳሽ ወደማይደርስበት ወደ ወንዙ የላይኛው ክፍል ሲያዛውር፣ ሌላው ኩባንያ ግን በባተርሲ፣ ፍሳሹ ከሚቀላቀልበት ውኃ መሳቡን ቀጠለ። ከ300,000 በላይ ሰዎች ሳያውቁትና ሳይመርጡ በሁለት ተከፍለው ነበር ማለት ነው።

በ1854ቱ ወረርሽኝ ስኖው ሰው ወደሞተበት ቤት ሁሉ እየሄደ ውኃው ከየትኛው ኩባንያ እንደሚመጣ ይጠይቅ ጀመር። ክፍያውን የሚፈጽመው ብዙውን ጊዜ አከራዩ በመሆኑ ነዋሪዎቹ መልሱን አያውቁትም ነበር፤ እርሱም የውኃውን ናሙና ወስዶ ጨው መኖሩን በሚያሳይ ኬሚካል፣ በሲልቨር ናይትሬት፣ ይፈትሸዋል፤ የሳውዝዋርክና ቮክስሆል ውኃ ከላምቤዙ 40 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ጨው ስለነበረበት ምንጩ ወዲያው ይለያል። በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት ከየ10,000 ቤቶች በሳውዝዋርክና ቮክስሆል ደንበኞች ዘንድ 315 ሰዎች ሲሞቱ፣ በላምቤዝ ደንበኞች ዘንድ የሞቱት 37 ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ የተንኳኳው በርና ቤተሰቡን በሞት የተነጠቀው ሰው የሰጠው መልስ ይታየኛል።

በብሮድ ስትሪትም ቢሆን ሰዎች የሞቱባቸውን ቤቶች ካመለከተበት ካርታው ይልቅ የማደንቀው፣ ከመላ ምቱ ጋር የማይስማሙ የሚመስሉትን አጋጣሚዎች እየፈለገ መመርመሩን ነው። በአቅራቢያው የነበረው የቢራ ጠመቃ ቤት ሠራተኞች አንድም ሰው በበሽታው አልሞተባቸውም፤ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፣ ቢራም ይታደላቸው ነበር። ርቀው ሃምፕስቴድ የሚኖሩ አንዲት መበለት ደግሞ ከብሮድ ስትሪት በየቀኑ ያስመጡት የነበረውን ውኃ ጠጥተው ሞቱ። የፓምፑ እጀታ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1854 ተነቀለ። ይሁንና ስኖው ራሱ ነዋሪው ከሠፈሩ በመሸሹ ሞቱ ቀድሞ መቀነስ እንደጀመረ፣ የእጀታው መነቀል ምን ያህል እንደጠቀመም መወሰን እንደማይቻል በግልጽ ጽፏል። ድሉን ለራሱ ሊያደርግ በሚችልበት ቦታ ላይ እንዲህ መጻፉ በቀሩት ቁጥሮቹ ላይ ያለኝን እምነት ያጸናዋል።

ሥራውን ለማሳተም ከ200 ፓውንድ በላይ ከኪሱ አወጣ፤ የተመለሰለት ግን ኢምንት ነበር። በ1858 በ45 ዓመቱ ሲሞት አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ ገና አልተቀበሉትም ነበር፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ስኖው ግን ተህዋሲው በዓይን እስኪታይ አልጠበቀም። ሕመምተኛን የሚያስታምሙ ሰዎች ምግብ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ የሚያጠራጥር ውኃ እንዲፈላ፣ የማዕድን ቆፋሪዎችም በጉድጓዱ ውስጥ ባልታጠበ እጅ ለመብላት እንዳይገደዱ የሥራ ፈረቃቸው ወደ አራት ሰዓት እንዲያጥር በዚያው መጽሐፍ መክሯል።