ግማሹን እናት፣ ግማሹን ማቆያ የሚያየው ተቅማጥ

ተቅማጥ 14 ቀን ከሞላው ስሙም አያያዙም ይለወጣል፤ ሐኪሞች «የቆየ ተቅማጥ» የሚሉት ያኔ ነው። በቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ግን ቀኑን የሚቆጥር ሰው የለም። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈርም ሆነ ሳቢያን፣ አራት አምስት ልጅ ቤቷ የምትይዝ ሴት ልጁን የምታየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱና እሁዱ የእናት ነው። እሷ «ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው ያስቀመጠው» ትላለች፣ እናትም «ማታ ሁለቴ ብቻ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጁ ግን በቀን አራት ጊዜ እያስቀመጠው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት ደብተር። ባለ 50 ሉክ ይበቃል፤ ከዳይፐሩ ጋር በልጁ ቦርሳ ይመላለሳል፣ ማቆያም ቤትም ይጻፍበታል። ለመልኩ የላብራቶሪ ቃል አያስፈልግም፤ «ውሃ»፣ «አጥሚት»፣ «ገንፎ» ከተባለ ሁሉም ይግባባል። ደም ወይም ንፍጥ ካለ ይሰመርበት። አንድ ጠዋት ይህን ይመስላል፦

ማክሰኞ። 3፡40 አጥሚት፣ ካሮቱ ሳይፈጭ ወጥቷል። 5፡00 ጁስ፣ ሙሉ ጡጦ። 5፡50 ውሃ፣ ቂጡ ቀልቷል። ሽንት ከጠዋት ጀምሮ 2 ጊዜ። ዚንክ እዚህ ተሰጥቷል።

አምስት ቀን እንዲህ ከተጻፈ ብዙ ነገር ይገለጣል። በመጀመሪያ ጁሱ። በድሬ ሙቀት ልጅ ሲጠማው ከውሃ ይልቅ የታሸገ ጁስ ወይም የማንጎ ጭማቂ ይሰጠዋል፤ ስኳሩ ሳይመጠጥ አንጀት ውስጥ ሲቀር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ሰገራውም ይቀጥናል። ልጁ የሚጫወት፣ የሚበላ፣ ክብደቱ የሚጨምር ሆኖ ሆዱን ሳያመው በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ለአራት ሳምንት ካስቀመጠው፣ ጥፋቱ የጀርም ላይሆን ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ ጁስ ቢበዛ በቀን 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሌላው ጥም በውሃ ይቁረጥ። ምግቡ ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ይደረግ፤ ቅባት የሌለው ምግብ ቶሎ ያልፋል።

ሁለተኛው አታላይ የሆድ ድርቀት ነው። ወተት የሚያበዛ ልጅ ሰገራው ይደርቅና ይታገዳል፤ ከዚያ ቀጭኑ በጠጣሩ ዙሪያ እየሾለከ ዳይፐሩን ቀኑን ሙሉ ያቆሽሻል። ምልክቱ ጥቂት ጥቂት ብዙ ጊዜ መውጣቱ፣ ሆዱ ሲነካ መጠንከሩ፣ ልጁ ጥግ ይዞ እግሩን ማጠላለፉ ነው። ለተቅማጥ ተብሎ ሩዝና ሙዝ ብቻ ሲሰጠው ይብስበታል።

ሰገራው የሚከረፋ፣ ቅባታም፣ ሆዱ የሚነፋ፣ ልጁም የሚከሳ ከሆነ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ይጠርጠር። እየጠፋ ይመለሳል፤ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅና በመጫወቻ ይዛመታል። አንድ የሰገራ ምርመራ «ምንም የለም» ቢል አያጠግብም፤ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ማስመርመር ይሻላል። ናሙናው ከዳይፐር ላይ አይጠረግ፤ ዳይፐሩ ቀጭኑን ይመጠዋል። ውስጡ ንጹሕ ላስቲክ ይነጠፍና ከዚያ ላይ ይወሰድ፣ ሽንት አይቀላቀልበት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። የቆየ ናሙና ላይ የሚንቀሳቀስ አሜባ ይሞታል፣ ማየትም ያስቸግራል። ከፋርማሲ ፍላጅል ገዝቶ ሁለት ቀን ሰጥቶ ማቆም ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ልኩ በኪሎ ነው የሚወሰነው፣ ቀኑም መሞላት አለበት።

ወተት ላይም ጥንቃቄ ያሻል። የተጎዳ አንጀት የወተት ስኳር መፍጨት ለጊዜው ያቅተዋል፤ ሰገራው አረፋ ይይዛል፣ ቂጥ ያቃጥላል። ጡት አይቋረጥም፣ እንዲያውም ይጨመር። የላም ወተቱን በእርጎ መተካት ወይም ግማሹን ቀንሶ በቦታው ወፍራም ገንፎ መስጠት ነው። «ሆድ ያጥባል» የሚባልለት የግመል ወተትም ያው የወተት ስኳር አለው፤ ጥሬውን ለልጅ መስጠት ብሩሴላ የሚባለውን የጥሬ ወተት ጀርም መጋበዝ ነው፣ ይፈላ።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፦ ልኬት። ፓኬቱ ለአንድ ሊትር ነው፤ የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ሙሉው ፓኬት ይገባበታል። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳል፤ ስኳርም አይጨመርበት። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ባስቀመጠው ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ማንኪያ እምቢ የሚል ልጅ በ5 ሚሊ ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ይቀበላል። ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው፣ ተቅማጡ ቀድሞ ቢቆምም። እዚህም ደብተሩ ከሌለ ሁለቱም ይሰጡትና ያስመልሰዋል፣ ወይም ሁለቱም «እሷ ሰጥታዋለች» ብለው ይተዉታል።

«ጥርስ ነው» የሚለው ወሬ ይቅር። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ደምና ኢንፌክሽን ነው፣ ተቅማጥ አያቆምም።

ቤቱን በተመለከተ፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬ ውሃ ሳሙና ቶሎ አረፋ አያስወጣለትም፤ ሳሙናው ይጨመር እንጂ መታሸቱ ከ20 ሰከንድ አይነስ። የእጅ አልኮል ለጃርዲያ እምብዛም ነው። ዳይፐር የሚቀየርበት ምንጣፍ ከማድ ቤት ይራቅ። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪና፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱ ይጠፋል። ባለ 5 በመቶው በረኪና ከሆነ ሰገራ ለነካው አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ለመጫወቻ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይለቅለቅ። በየጠዋቱ አዲስ ይበጥበጥ፣ ሙቀት ያደክመዋል። የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ በርሜል ውስጥ እየነከሩ መቅዳት የአንዱን እጅ ለአምስቱ ማጠጣት ነው። ክሎሪን ለጃርዲያ ስለማይተማመኑበት ውሃው ተንፈቅፍቆ አንድ ደቂቃ ይፍላ።

ልጁ ይምጣ አይምጣ? የሚያስመልሰው፣ ትኩሳት ያለው፣ ደም የታየበት ወይም ሰገራው ከዳይፐር የሚያልፍ ከሆነ ቤቱ ይዋል፤ የጀርም ከሆነ ካቆመ 48 ሰዓት ይሙላው። ተመርምሮ የማይተላለፍ ከተባለ ወር ሙሉ ማባረር ግን ፍርድ አይደለም። በአንድ ሳምንት ሁለት ሌሎች ልጆች ከጀመራቸው ጉዳዩ የቤቱ ነው፣ ውሃውና እጁ ይታይ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ፣ ደብተር ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ድልጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ነው፣ እናት እስክትመጣ አይጠበቅም። ተቅማጡ 14 ቀን የሞላው ልጅ የሰውነቱ ፈሳሽ ማለቁ ከታየበትም እንደዚያው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጤና ጣቢያ ለምግብ እጥረት ይከታተለዋል።

ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ዘይት የገባበት ገንፎ። የእንቁላሉን ዋጋ ማን ይችላል የሚለው ከእናትየው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይፈልጋል፤ ሳይነጋገሩ ከቀሩ ምግቡ በሁለቱም ቤት ይቀራል።