በታምፓ ወሽመጥ በእግር ገብቶ ዓሣ ማጥመድ፦ እስካሁን የገባኝ

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ የታምፓ ወሽመጥ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት አፍ ላይ ፎርት ደ ሶቶ የሚባል መናፈሻ አለ። አምስት ትንንሽ ደሴቶች ተያይዘው የተሠራ ነው። በስተምሥራቅ የሰንሻይን ስካይዌይ ድልድይ ቢጫ ገመዶች ከሩቅ ይታያሉ። በደሴቶቹ ዙሪያ ውሃው ብዙ ርቀት ድረስ ከጉልበት እስከ ወገብ ብቻ ነው፤ ከሥሩም የባሕር ሣር የለበሰ ሜዳ ተዘርግቷል። ጀልባ የሌለው ሰው ጫማውን አጥብቆ በእግሩ ይገባና ሬድፊሽ፣ ስኑክ እና ባለነጥብ ትራውት ይፈልጋል። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የያዝኩትን ማስታወሻ እንደ እኔ ለጀማሪ ላካፍል ብዬ ነው።

ይፈልጋል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ዓሣ ማጥመድ ማለት መንጠቆ ጥሎ መጠበቅ ነው። ቆሮሶውም አምባዛውም ሲፈልግ ይመጣል፤ አጥማጁ ከተቀመጠበት አይነሳም። እዚህ ግን ጥበቃ ብዙም አያዋጣም። ዓሣው የት እንዳለ በዓይን አይቶ ወይም ከውሃው ገጽታ ገምቶ ወደ እርሱ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ከእጅ በፊት ዓይን መሠልጠን አለበት የምለው። ዘንግ መወርወር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይለመዳል፤ ውሃ ማንበቡ ግን እኔን አሁንም እያስተማረኝ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ሐይቅ ጠዋት ባለበት ማታም ይገኛል። በታምፓ ወሽመጥ ግን በአንዳንድ ቀን ውሃው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሁለቱ ሙላቶችም እኩል አይሆኑም። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሞልቶ ይጎድላል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ማለት ዓሣው መግቢያ አለው ወይስ የለውም ማለት ነው። ውሃው ሲሞላ ሬድፊሹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ፍለጋ ሣሩ ላይ ይወጣል፤ አልፎም የማንግሮቭ ዛፎቹ ሥር ድረስ ይገባል። ሲጎድል ደግሞ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። ያን ጊዜ በሣሩ መካከል ባሉት ነጫጭ የአሸዋ ጉድጓዶች ውስጥ ወይም ውሃው ወደ ጥልቁ በሚፈስባቸው ጠባብ መውረጃዎች አፍ ላይ ይሰበሰባል። ስኑክና ትራውት በተለይ በእነዚህ ጉድጓዶች ጠርዝ አድፍጠው ውሃው የሚያመጣላቸውን ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ከቤት ስወጣ የማየው ሰዓቱን ሳይሆን የሙላትና ጉድለቱን ሰንጠረዥ ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በወሽመጡ ዳር ላለችው ለሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የሚያወጣው ትንበያ በነጻ ይገኛል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ውሃውም ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል። ለእኔ የተሻለው ጊዜ ሙላቱ ከጀመረ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ናቸው። ውሃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዓሣውም መብላት ያቆማል፤ ያን ጊዜ ዳቦና ሻይ ይበላል፣ ይጠጣል እንጂ ክንድ አይደክምም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በብርዳማዎቹ ወራት ከሰሜን ጠንካራ ነፋስ ሲነፍስ ውሃውን ከወሽመጡ ገፍቶ ያወጣዋል። ሰንጠረዡ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ሲተነብይ ቁርጭምጭሚት ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ጎን የነፋሱን አቅጣጫም እመለከታለሁ።

አሁን ወደ ማየቱ ልምጣ። የፀሐይ ነጸብራቅ የሚቆርጥ፣ ፖላራይዝድ የሚባለው መነጽር ከሌለ ይህ ሥራ አይጀመርም። ከዘንግም ክር ከሚጠቀለልበት ማጠንጠኛም በፊት ገንዘቤን ያወጣሁት ለእርሱ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ጥልቀት ለሌለው ውሃ የመዳብ ወይም የቡኒ ቀለም ያለው ብርጭቆ ሣሩን ከአሸዋው ለይቶ ያሳያል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግና ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ከፍ ያለ ብርሃን መሥራት ይረዳል። መጀመሪያ የሚታየው ዓሣው ራሱ አይደለም፤ አሸዋው ላይ የሚሄደው ጥላው ነው። ሙሌት የሚባሉት ዓሦች እየዘለሉ የሚሄዱበትንም ቦታ መከተል ጥሩ ነው። ሙሌት ሣርና ጭቃ ለቃሚ ስለሆነ የእኛን ማታለያ (መንጠቆ ያለበትን ሰው ሠራሽ ምግብ) እምብዛም አይነካም፤ ሬድፊሽ ግን ሙሌቶቹ እየቆፈሩ የሚያስነሱትን ሸርጣን ለመልቀም አብሯቸው ይጓዛል።

በመጨረሻ በዓይኔ ያየሁት ይኸን ይመስል ነበር። ነፋስ የለም፤ ውሃው ጉልበቴ ጋር ነው። ከፊት ለፊቴ ሃያ ሜትር ያህል ላይ የውሃው ገጽ በአንድ ቦታ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የመዳብ ቀለም ያለው ጅራት ከውሃው በላይ ወጣ፤ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሥሩ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። ዓሣው አፉን ወደ ታች ደፍቶ ሣሩን እየማሰ ነበር፤ ጅራቱ እየተወዛወዘ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ይወጣል። ማታለያውን በላዩ ላይ አልጣልኩትም፤ በሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ሜትር ቀድሜ ከእርሱም አሳልፌ ጣልኩና ከፊቱ እንዲያልፍ በቀስታ ሳብኩት። ማታለያን ወደ ዓሣው አፍ መጎተት ፈጽሞ አይሆንም፤ አይጥ ወደ ድመት አትሮጥም። ጅራቱ ጠፋ፣ ውሃው ተገፋ፣ ክሩ ከበደ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ሻጮቹ ይበቃሉ። ሰባት ጫማ ርዝመት ያለው መካከለኛ ቀላል ዘንግ፣ 3000 ቁጥር ማጠንጠኛ፣ አሥር ፓውንድ የሚሸከም የተገመደ ክር፣ ከጫፉ ላይ ሃያ ፓውንድ የሚችል የማይታይ ክር ክንድ ያህል። ለሣር የሚሆነው ሣር የማይዝበት መንጠቆ ያለው፣ ማንኪያ የሚመስል ወርቃማ ማታለያ ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ ነው። ሁሉንም ወደ ቤት ሲመለሱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው፤ ጨው ማጠንጠኛን በሳምንታት ውስጥ ይበላዋል።

እግርን በተመለከተ ግን በደንብ ልናገር። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛው ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ አለው። ካልረገጡት አይነካም፤ ከረገጡት ግን ቁርጭምጭሚትን ይወጋል። እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየፋቁ መጓዝ ነው መፍትሔው። እየፋቁ ሲመጡበት ቀድሞ ይሰማና ይሸሻል። ከፊት ለፊት የአሸዋ ደመና ተነሥቶ ቡናማ ሳህን የመሰለ ነገር ሲሸሽ ማየት የተለመደ ነው። የተወጋ ሰው ቁስሉን ሳይቃጠል በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፍና ሐኪም ጋ ይሂድ። ሌላው ለእኛ የሚገርመው የባሕሩ አምባዛ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አምባዛ ገበያ አለው፤ እዚህ ግን ሃርድሄድ የሚባለውን አምባዛ ማንም አይፈልገውም። ጀርባውና ክንፉ ላይ ያሉት እሾሆች መርዛማ ስለሆኑ በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ ነው የሚለቀቀው።

ሕጉን በተመለከተ ፍሎሪዳ ጥብቅ ናት። ለነዋሪዎቿ ከዳር ሆኖ ለማጥመድ የሚሆን ነጻ ፈቃድ አላት፤ ይህ ግን ለጀልባ አይሠራም። ሙሉው የባሕር ፈቃድ ለነዋሪ በዓመት 17 ዶላር ነው፤ ለስኑክ ተጨማሪ 10 ዶላር ይከፈላል። እኔ ሙሉውን ይዣለሁ። ሬድፊሽ ሊወሰድ የሚችለው ከ18 እስከ 27 ኢንች ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ይለቀቃል። ስኑክ ደግሞ የሚዘጋባቸው ወራት አሉት፤ ይህም ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። በጥር 2010 በፍሎሪዳ የደረሰው ብርድ ብዙ ስኑክ ጨርሷል፤ ይህ ዓሣ ሞቃት ውሃ ወዳድ ነውና ብርድን አይቋቋምም። ደንቦቹ ስለሚቀያየሩ ከመሄድ በፊት የግዛቲቱን የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ገጽ መመልከት ይገባል። ዓሣን ለመልቀቅም እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ከውሃ ውስጥ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀልና ራሱ ዋኝቶ እስኪሄድ መደገፍ በቂ ነው።

ቦንፊሽ ስለሚባለው ሌላ ዓሣ የሚጠይቁኝ አሉ። እርሱ ያለው በደቡብ፣ በቢስኬን ወሽመጥና በፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች ነው፤ ከ2013 ጀምሮም ይዞ መልቀቅ ብቻ ነው የተፈቀደው። አብዛኛው ሰው እዚያ የሚያጠምደው በአስጎብኚ ጀልባ ነው፤ ክፍያውም ከባድ ነው። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ግን ቅርብ ያለ ሜዳ ደጋግሞ መርገጥ ስለሆነ እኔ ገና አልሄድኩም።

በበጋው ሙቀት ውሃው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ ከጎህ ቅድ እስከ ረፋድ ብቻ እወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ይመጣል፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የመጀመሪያው ጉርምርምታ ሲሰማ ከውሃው እወጣለሁ። ቀጣዩ ዕቅዴ ግን የብርዱ ወራት ነው። በታኅሣሥና በጥር ውሃው እጅግ ሲጎድል ሜዳው ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዶቹንና መውረጃዎቹን በስልኬ ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ እፈልጋለሁ። ለዚህ ሥራ ዘንግ አያስፈልግም። ታምፓ አካባቢ ያላችሁ ወፍራም ጫማ ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እንዞራለን።