2.4 ዲግሪ

ቢሯችን ለገሃርና ስታዲየም መሃል ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አራት ሰው፣ አምስት ኮምፒውተር። አምስተኛው ዕቃ እየተነቀለለት ቀፎው ብቻ የቀረ ስለሆነ ሻይ ማስቀመጫ ሆኗል። ቀላል ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ስለሚንዘረዘር ድምፅ መቅዳት የምንችለው ማታ ብቻ ነው።

የያዝነው ሥራ ለአንድ ዐውደ ርዕይ የሚቀርብ የበረራ ሲሙሌተር ነበር። ጎብኚው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ጆይስቲክ ይጨብጣል፣ በኤፍ 5 ተዋጊ ጀት ከደብረ ዘይት ይነሳል፣ ከፊቱ የሚበር አንድ ዒላማ አውሮፕላን ላይ ይተኩሳል፣ በቃ። ኤፍ 5 ለምን ተመረጠ የሚል ሰው አልገጠመንም፤ በ1969ኙ የሶማሊያ ጦርነት ከሚግ 21 ጋር ሰማይ ላይ የተናነቀው እሱ ነው። አፍንጫው ላይ ኤም 39 የሚባሉ ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት። ሲሙሌተሩን ከዜሮ አልጻፍነውም፤ በነፃ የሚገኘውን ፍላይትጊርን ወስደን የራሳችንን አውሮፕላን ጨመርንበት። ቅርጹን አንደኛው ልጅ ብሌንደር በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ሠራ፤ መድፉ ለእኔ ደረሰኝ።

ሲሙሌተር ውስጥ መድፍ የሚባል ነገር የለም። ያለው የጽሑፍ ፋይል ነው። ምላጩ ሲሳብ ከዚህች ነጥብ፣ በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ፍጥነት፣ በየ0.04 ሰከንዱ አንዲት ዕቃ ልቀቅ ይላል። ዕቃዋ ቀጭን የምታበራ ዘንግ ናት፤ ትሬሰር እንላታለን። አፈሙዙ ላይ ቦግ የሚለው ብልጭታ ሌላ ፋይል ነው፣ ጭሱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። አራቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የሚያጋባቸው የተመልካቹ ዓይንና ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጥይቱ በጭራው በኩል ወጣ። የቅርጹ ፋይል ርቀትን ወደ ኋላ በመደመር ምልክት ይቆጥራል፣ የጥይቱ ፋይል ደግሞ ወደ ፊት፤ እኔ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ ነበር። ያን ቀን ቢሮው ሲስቅ ዋለ፣ በአንድ ምልክት ተስተካከለ።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን ማንንም አላሳቀም። የኤም 39 ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 870 ሜትር ይሄዳል። ጻፍኩ፦ 870። ዒላማው ከፊታችን 600 ሜትር ላይ በእኛው ፍጥነት ይበራል። ተኮስኩ። ጥይቶቹ እንደ ውሃ ቱቦ ጎበጥ ብለው ከዒላማው 25 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው አለፉ።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ነበረብኝ። አልቆምኩም። ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ማሳያው ሰኞ ነው፣ መብራት ደግሞ ሁለቴ ሄዶ መጥቷል። ጥይቱ ዝቅ ካለ አፈሙዙን ቀና ማድረግ ነዋ! አንድ ዲግሪ ሞከርኩ፣ ሁለት ሞከርኩ፣ 2.4 ላይ ዒላማውን መሃሉን በላው። ፋይሉ ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ “ማስተካከያ” ብዬ ጻፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። የምስራች ብዬ ለአለቃችን ቪዲዮ ሳይቀር ልኬለታለሁ።

ቅርጹን የሠራው ልጅ በማግስቱ የማነጣጠሪያውን መስታወት ሊሠራ ሲቀመጥ የማነጣጠሪያዋን ነጥብ ጥይቱ በሚያርፍበት ልክ አስቀመጣት። ብልጭታውንና የጭሱን መነሻም ከጥይቱ መስመር ጋር እንዲገጥሙ አዘነበላቸው። ምን አጠፋ? እኔ ያስቀመጥኩትን እውነት ነው ብሎ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ነገር በእኔ 2.4 ላይ ቤት ሠራ።

ሰኞ ደንበኛችን መጡ። ረጋ ያሉ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኛ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም የምንሞክረው ከአንድ የተቀመጠ መነሻ ነበር፤ ሲሙሌተሩ ሲከፈት ዒላማው ሁልጊዜ 600 ሜትር ላይ ይጠብቀናል። እሳቸው ግን ወዲያው አልተኮሱም። “እኔ ቀረብ ካላልኩ አይሆንልኝም” ብለው 200 ሜትር ድረስ ተጠጉና ነጥቧን ዒላማው ላይ አድርገው ምላጩን ሳቡ። ጥይቱ አምስት ስድስት ሜትር ከዒላማው በላይ አለፈ። ደግመው ሳቡ። በላይ። “ተበላሸ እንዴ?” አሉ ወደ እኔ ዞረው።

“ትንሽ ራቅ ቢሉ…” አልኩ።

“ጠላት ሲቀርብ ልራቅ?”

አለቃችን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሴትየዋ አልተቆጡም። በደብረ ዘይት አየር ኃይል በጦር መሣሪያ ቴክኒሽያንነት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ የሚያውቋቸው ሽማግሌ ስላሉ እልካቸዋለሁ አሉ። በእውነቱ ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ (ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው) ረቡዕ መጡ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ በሩ ላይ ቆሙ። ካፖርት፣ በክር የታሰረ መነጽር። ቡና ቀረበላቸው። ጆይስቲኩን አልነኩም።

“በል ተኩስ፣ እስኪያልቅ” አሉኝ።

ጥይቱ እስኪያልቅ ሳብኩ። ስክሪኑን ሳይሆን የእጅ ሰዓታቸውን ነበር የሚያዩት።

“አሥራ አራት ሰከንድ። ይሄ መሣሪያ በደቂቃ 1,500 ነው የሚተኩሰው፤ 280 ጥይት ይዞ አሥራ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። የምን አሥራ አራት ነው?”

የዚህን መልስ ያገኘሁት በኋላ ነው። ሲሙሌተሩ ስክሪኑን አንዴ በሳለ ቁጥር ከአንድ ጥይት በላይ አይለቅም። ጭስ ሲበዛ የእኛ ኮምፒውተር በሰከንድ 20 ጊዜ ብቻ ነው የሚስለው፤ ስለዚህ ፋይሉ ላይ 25 ብጽፍም በሰከንድ 20 ጥይት ይወጣል። 280 ለ20 ሲካፈል 14። ያን ሰዓት ግን አፌ ደርቆ ዝም አልኩ።

“አፈሙዙንስ ስንት ነው ያቃናችሁት?”

“2.4 ዲግሪ።”

ቡናውን አስቀመጡ። “እኛ በዲግሪ አንለካም፣ ሚል በሚባል ከዲግሪ በጣም ባነሰ መለኪያ ነው። ይሄ እኮ ከ40 ሚል በላይ ነው፤ መድፍ አይደለም፣ ሞርታር ነው የሠራኸው!” ወረቀት ጠየቁ። አውሮፕላኑን በክሪክ አንስተው እንዴት ልክ እንደሚያደርጉት፣ ፊት ለፊቱ ምልክት ያለበት ሰሌዳ አቁመው በአፈሙዙ ቀዳዳ በኩል እያዩ መድፉንና ማነጣጠሪያውን እንዴት እንደሚያስማሙ ሳሉልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። “አፈሙዝ የሚነካው ሰሌዳው ካዘዘ ነው። ጥይት ዝቅ አለ ተብሎ አይነካም። መጀመሪያ ጥይቱን ነው የምትጠይቀው። ስንት ይሄዳል ጥይትህ?”

“870።”

“870 ምን?”

ሜትር ልል አፌን ከፈትኩና ወደ ፍላይትጊር መመሪያ ዞርኩ። መስመሩ እዚያው አለ፤ ፍጥነት፣ በጫማ በሰከንድ። 870 ጫማ 265 ሜትር ነው። ጥይቴ መሄድ ካለበት ፍጥነት ሲሶውን እንኳ አይሄድም ነበር፤ 600 ሜትር ለመድረስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፣ መሬት ደግሞ እስከዚያ እጇን አጣጥፋ አትጠብቅም።

“የአሜሪካ ዕቃ በጫማ ነው የሚያናግርህ፣ ልጄ” አሉ ጋሼ። “እኛንም መጀመሪያ ላይ አሳብዶናል።”

870ውን 2854 አደረግኩት፣ 2.4ን ዜሮ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። 600 ሜትር ላይ ጥይቱ ሁለት ሜትር ከምናምን ወረደ፤ 200 ላይ አንድ ስንዝር ያህል። ልጁ ግን ነጥቧን፣ ብልጭታውንና የጭሱን መነሻ ፈትቶ እንደገና እስኪገጥም ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀበት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ምሳ ጋበዝኩት፣ ክትፎ አዘዘ። ያም ሒሳብ ነው።

የተኩሱን ብዛት ደግሞ ከስዕሉ ለየነው። በሰከንድ 25 እየቀነሰ ጥይት የሚቆጥር ነገር ለብቻው ጻፍኩ፣ ትሬሰሯን ከአምስት ጥይት አንዷ ላይ ብቻ፣ በየ0.2 ሰከንዱ እንድትታይ አደረግኩ። ኮምፒውተሩ ቀስ ቢልም ይሄን አይስተውም። ሁሉም ጥይት ሲያበራ የርችት ሌሊት ይመስል የነበረው ስክሪንም ረገብ አለ።

ጋሼ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ሰዓታቸውን አዩ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ከትንሽ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ “ድምፁ ግን የኛ አይደለም” አሉ። የእኛ ድምፅ ዷ፣ ዷ፣ ዷ የሚል ነበር፤ አንድ ተኩስ ተቀድቶ የሚደጋገም። “ኤም 39 እኮ እንደ ቆልት ሽጉጥ የሚሽከረከር፣ አምስት የጥይት ጎሬ ያለው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጮሁ ዷ የሚል አትሰማም። አቡጀዲ ሲቀደድ ሰምተሃል?”

ሰምቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ስድስት ክንድ አቡጀዲ ገዛሁ። ማታ ባቡሩ ሥራ ካቆመ በኋላ ልጁ ማይክሮፎኑን ያዘ፣ እኔ በሁለት እጄ ወጥሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደድኩት። የተሳካልን ሦስተኛው ቀደዳ ነው፤ ወፍራም የተኩስ ድምፅ ከሥሩ ደርበንበት አሁን ሲሙሌተሩ ውስጥ የሚጮኸው እሱ ነው። ደረሰኙን ሒሳብ ክፍሏ ልጅ “የጽዳት ዕቃ” ብላ መዘገበችው፤ የተረፈው ቅዳጅ እውነትም ስክሪን መወልወያ ሆኗል።