ከኮምቦልቻ የሚመጣው ደም

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ደሴ ውስጥ ይገኛል። ሥራችን የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚያመጧቸውን በሽታዎች፣ በተለይም አልዛይመርንና ፓርኪንሰንን ማጥናት ሲሆን፣ ይህ ገጠመኝ የአልዛይመሩን ክፍል ይመለከታል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ የማስታወስ ችሎታቸው ይመዘናል፣ ቤተሰቦቻቸው ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው ይጠየቃሉ፣ ከክንዳቸውም ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ከደም ሕዋሳቱ ይለያል፤ በትንንሽ የፕላስቲክ ቲዩቦች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጣል፤ በመጨረሻም በደረቅ በረዶ ታሽጎ እነዚህን ጥቃቅን መጠኖች መለካት ወደሚችል የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ይላካል። የእኔ ድርሻ መረጃውን ማጠናቀር በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የሥራ ባልደረባ የሠራው ነገር በመጨረሻ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል።

የሆነው ነገር ግልጽ እንዲሆን የሚለካው ምን እንደሆነ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአልዛይመር በሽታ ሁለት ፕሮቲኖች አንጎል ውስጥ አለቦታቸው ይከማቻሉ፤ ቤታ አሚሎይድ የሚባለው ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ እየረጋ ይጋገራል፣ ታው የሚባለው ደግሞ በሕዋሳቱ ውስጥ ይቋጠራል። ቤታ አሚሎይድ በርዝመት የሚለያዩ ዓይነቶች አሉት፤ የሚጠሩበት ቁጥርም ፕሮቲኑ የተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ብዛት ነው። ባለ 42 ቁጥሩ አሚሎይድ አንጎል ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ያንሳል፤ ባለ 40 ቁጥሩ ግን ብዙም አይለወጥም፤ ፎስፌት የተጣበቀበት ታው በአንጻሩ ይጨምራል። ከአከርካሪ በሚቀዳ ፈሳሽ ሲለካ የሁለቱ አሚሎይዶች ጥምርታ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቅናሽ ያሳያል፤ በደም ሲለካ ግን ቅናሹ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት የሚፈልግ ሰው፣ ከበሽታው ሌላ ደሙን ሊለውጥ የሚችለውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አሚሎይድ ደግሞ አስቸጋሪ ፕሮቲን ነው፤ በቲዩቡ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ደሙ ሳይለይ በቆየ ቁጥርም መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ወጣቷ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስታችን የቲዩቡ ዓይነት ተለውጦ ሲመጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ድረስ ወርዳ የምትከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከውጭ የተላከው ውጤት የደረሰን በክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር በመጀመሪያ የከፈቱት የባለ 42 ቁጥሩን አሚሎይድ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ የኮምቦልቻ አረጋውያን መጠን በዕድሜ ከሚመስሏቸው የደሴ አረጋውያን ጎልቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ዶክተሩ በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ሁላችንንም ወደ ቢሯቸው ጠሩን። ማብራሪያውም ሩቅ አልነበረም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ደረቅ ወደቡ እዚያ ናቸው፤ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያርፈውና የሚያልፈው በእርሷ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ደግሞ በ2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊቀነሱ የሚችሉ ነገሮችን 12 አድርሶ ሲዘረዝር የአየር ብክለትን አንዱ አድርጎ አስገብቷል። ጭሱና ቁጥሩ ተገናኙ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁሉ፣ በገዛ አገራችን ሰዎች ደም ላይ የተገኘ ለዓለም የሚጠቅም ነገር እጃችን የገባ መስሎን ነበር፤ ያንን ደስታ ዛሬም አልነቅፈውም፣ ምክንያቱም ሰው ለዓመታት የለፋበት ሥራ ፍሬ ሲያሳይ መደሰቱ ተገቢ ነው።

ቴክኖሎጂስቷ ብቻ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ዶክተር፣ ባለ 40ውን እናየው?» አለች። ፋይሉን ከፍቼ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በኮምቦልቻው ደም ባለ 40ውም ቀንሷል፤ ከባለ 42ቱ ጋር እኩል ባይሆንም ተከትሎት ወርዷል፤ ጥምርታቸው ሲሰላ ከደሴው እምብዛም አይለይም ነበር። ታውን ስናይ ደግሞ በሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ነው። በሽታው ቢሆን ኖሮ ባለ 42ቱ ለብቻው ይወርዳል፣ ታው ይወጣል። ሁለቱ አሚሎይዶች አብረው ሲወርዱና ታው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ ነገሩ የደረሰው በሰዎቹ አንጎል ውስጥ ሳይሆን ደሙ ከክንዳቸው ከወጣ በኋላ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይቀድማል። ልጅቷ ይህን የተናገረችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ዶክተሩ ግን ወንበራቸውን ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡና ከመጀመሪያው እንድታስረዳቸው ጠየቋት። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከቆየሁ ወዲህ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ አብልጬ የማከብረው ያንን የወንበር መሳብ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሳይለይ ስንት ሰዓት ቆየ የሚል ነበር። በአሠራራችን መሠረት ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጠመዝማዛና አቀበት ቢሆንም፣ መኪናው ወዲያው ከተነሣ ይደርሳል። ቅጾቹን አውጥተን አገላበጥን። ሁሉም ላይ «በ1 ሰዓት ውስጥ ደርሷል» ከሚለው ሐረግ ጎን «አዎ» የሚለው ሣጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ የተቀዳበት ሰዓትም ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት፣ የተለየበትም 4 ሰዓት ይላል። ቴክኖሎጂስቷ ቅጾቹን እንደ ካርታ ዘርግታ ካየቻቸው በኋላ፣ «እንዲህ የተስተካከለ ሰዓት አይኖርም፤ ሰው እውነተኛውን ሲጽፍ ደቂቃው ይዘበራረቃል» አለችኝ።

መልሱ የተገኘው ከግቢያችን በር ላይ ነው። የጥበቃ ሠራተኛችን የቀድሞ ወታደር ሲሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ወደ ግቢው የሚገባና የሚወጣ ተሽከርካሪ ሁሉ ሳይመዘገብ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። መዝገባቸው ዳርና ዳሩ በላብ የጠቆረ ትልቅ ደብተር ነው፤ ገጾቹን ራሳቸው በማስመሪያ አስምረው የሰሌዳ ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓትና የያዘው ዕቃ ብለው ከፋፍለውታል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ደም፣ በሣጥን» የሚል ጽሑፍ እየፈለግን ገጾቹን ስንገልጥ ሰዓቶቹ 8፡17፣ 7፡42፣ 8፡05 እያሉ ወጡ። አልፎ አልፎ 4፡20 የሚልም ነበር። ጋሼ በትከሻችን በኩል እያዩ፣ «ዝናብ ያዘገየው ቀን ከሆነ አጠገቡ ጽፌዋለሁ» አሉን፤ በእርግጥም ጽፈውታል።

እነዚህን ሰዓቶች ከናሙናዎቹ መለያ ቁጥር ጋር ማጋጠም የእኔ ሥራ ሆነ። መኪናው ቶሎ በገባባቸው ቀናት የመጣው የኮምቦልቻ ደም ከደሴው የተለየ አይደለም፤ መኪናው ከምሳ በኋላ በገባባቸው ቀናት የመጣው ግን ዝቅ ብሏል፤ ባረፈደ ቁጥርም ዝቅታው ይብሳል። ጭሱ በሁለቱም ዓይነት ቀን ያው ጭስ፣ ሰዎቹም የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ የአየሩ ሁኔታ ተጨምሮበታል፤ ደሴ በከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስትሆን ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ሞቃት ናት፤ አሠራራችን ግን ለሁለቱም «በክፍል ሙቀት» ብሎ በአንድ ቃል አልፏቸው ነበር።

ዶክተሩ ሰው ልከው ከማስጠየቅ ይልቅ ራሳቸው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ እኔና ቴክኖሎጂስቷም አብረናቸው ሄድን። ደሙን የምትቀዳው ሲስተር ገና ቅጹን ስታይ ለምን እንደመጣን ገባት። አልካደችም። መኪናው የጋራ ስለነበረ በመጀመሪያ የሌላ ክፍል ሥራ ይዞ እንደሚዞር፣ እርሷም ቲዩቦቹን በመደርደሪያቸው ላይ አቁማ በረንዳውን እያየች እንደምትጠብቅ ነገረችን። «አይደለም የሚለው ላይ ምልክት ያደረግሁ ቀን ደሙ ይጣላል» አለች። «ደሙ ሲጣል እነዚህን እናቶች እንደገና ኑ ልላቸው ነው። ከሐርቡ በሚኒባስ የሚመጡ አሉ፤ ሳይበሉ ነው የሚመጡት፤ ደም ሥራቸው ደግሞ በስንት መከራ ይገኛል። በምን አፌ ልንገራቸው?» ዶክተሩ ጥቂት ዝም አሉና በወሎኛቸው፣ «አብሽሪ እኅቴ፤ ይህን ቅጽ ያወጣነው እኛ ነን» አሏት። ሾፌራችንም በኋላ ሲጠየቁ የመለሱት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ «ደም እንደምጭን እንጂ ደሙ እንደሚያስቸኩል የነገረኝ ሰው የለም» ነው ያሉት፤ እውነታቸውንም ነበር።

ስለ ሲስተር ያለኝን አስተያየት ልጻፍ። የተሳሳተ ሰዓት መጻፍ በምርምር ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእርሷ ቅጽ ብቻ ቢኖረን ኖሮ የኮምቦልቻ ሰው አንጎል በጭስ ተጎድቷል የሚል ጽሑፍ አውጥተን፣ አረጋውያኑንና ልጆቻቸውን አለምክንያት አስደንግጠን ነበር። ሆኖም «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያስመርጥ፣ «አይደለም» ያለውን ደግሞ የሚቀጣ ቅጽ እውነት አያስጽፍም። ሴትዮዋን ወደዚያ የገፋት ለታማሚዎቿ ያላት ርኅራኄ መሆኑን ያየ ሰው፣ ተግሣጽ ብቻ ሰጥቶ መመለስ ነገሩን ዳግመኛ ከማድበስበስ በቀር ሌላ ፍሬ እንደማይኖረው ይረዳል። በመልስ ጉዟችን ዶክተሩ የነገሩንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አሎይስ አልዛይመር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ የተባለችውን የ51 ዓመት ሴት ሲመረምር የባሏን ስም ይጠይቃታል፤ እርሷ የራሷን ስም ትመልሳለች፤ እርሱም ሳያስተካክልና ሳያሳምር የተባለውን እንደተባለ ይጽፋል። ሴትዮዋ በ1906 ሞታ አንጎሏን ከመረመረ በኋላ በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ግኝቱን አቀረበ። የሕክምና መዝገቧ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ በ1995 ፍራንክፈርት ውስጥ ሲገኝ፣ የመልሶቿ ጽሑፍ ከዘጠና ዓመት በላይ አልፎትም ሐኪሞች እያነበቡ የሚመረምሩት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ረጅም ሥራ ነው፣ ዋና ዋናውን ብቻ ላንሣ። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አግኝተን የራሳችንን ደም ሰጠን፤ ዶክተሩ፣ ቴክኖሎጂስቷ፣ ሾፌሩ፣ እኔና ጋሼም ሳይቀሩ ክንዳችንን ዘረጋን። ከእያንዳንዳችን የተቀዱት ቲዩቦች አንዱ ወዲያው፣ ሌሎቹ በየሰዓቱ ተራ በተራ እንዲለዩ ተደርጎ፣ ሥራው በደሴም በኮምቦልቻም ተከናወነ። ቴክኖሎጂስቷ በየቲዩቡ ክዳን ላይ ሰዓቱን በማይለቅ ብዕር እየጻፈች፣ ለምሳ እንኳን ሳትነሣ ውላለች። ውጤቱ ሲመጣ የተጠረጠረው ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም አሚሎይዶች ደሙ ሳይለይ በቆየ ቁጥር ወረዱ፣ በኮምቦልቻ ሙቀትም ፈጥነው ወረዱ፤ ፎስፌት ያለበት ታው ግን ብዙም አልተነካም። በዚህ መሠረት ዘግይተው የገቡት ናሙናዎች የአሚሎይድ ውጤት ከጥናቱ እንዲወጣ፣ የታው ውጤታቸው ግን እንዲቆይ ተወሰነ፤ የወጡበት ምክንያትም በዘገባው ውስጥ ሳይሸፋፈን ተጽፏል። ዶክተሩ የጋሼ መዝገብ የመረጃ ምንጭ ሆኖ እንዲጠቀስ አድርገዋል።

ቅጹ ተለውጧል። «አዎ» እና «አይደለም» ቀርተው ደሙ የተቀዳበትና የተለየበት ሰዓት በደቂቃ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ገብቷል፤ የዘገየ ናሙናም አይጣልም፣ ለሚያገለግልበት መለኪያ ይውላል፤ ስለዚህ ሲስተር አንዲትም እናት እንደገና መጥራት አያስፈልጋትም። አነስተኛ ሴንትሪፊዩጅ ኮምቦልቻ ተተክሎ ፕላዝማው እዚያው ይለያል፤ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ሾፌራችን ሣጥኑን ተቀብለው በቀጥታ ወደ ደሴ ይወጣሉ፤ ከመነሣታቸው በፊት ለቴክኖሎጂስቷ ይደውላሉ። አሁን ከኮምቦልቻ የሚደርሱኝ ቅጾች ላይ 3፡07፣ 3፡31፣ አንዳንዴም 5፡12 የሚሉ ሰዓቶች አሉ። የኮምቦልቻ አየር በአረጋውያኑ አንጎል ላይ የሚያሳድረው ጉዳት ይኑር አይኑር የሚለው ጥያቄ ግን አልተዘጋም፤ በአዲሱ አሠራር የሚሰበሰበው ናሙና ሲበቃ ዶክተሩ እንደገና ሊመለከቱት ወስነዋል።