ከደወል በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት

የሴቶች የቀን ትምህርት ቤት ከአዳሪው የሚለየው ማታ ላይ ነው። አዳሪዋ ከእራት በኋላ ተደውሎላት ጥናት ትገባለች። የደብረ ብርሃኗ የቀን ተማሪ ግን ቤት ስትደርስ ውኃው፣ ሊጡ፣ ወጡ፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ጥግ ሲይዝ እሷ ጓዳ ትገባለች። ደብተሯን የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ድካሙ አለ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ አለ። ወላጆቿ ጨክነውባት አይደለም፤ የግል ትምህርት ቤቱን ክፍያ በየወሩ የሚከፍሉላት እነሱው ናቸው። ቤቱ ግን የእሷን እጅ ለምዷል።

ለዚህ ነው ጥናት ልጅቷ ከግቢ ሳትወጣ ማለቅ አለበት የምለው። ትምህርት ከቀኑ 9:30 ካበቃ፣ ከ9:40 እስከ 10:40 ያለችው አንድ ሰዓት ትበቃለች። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መጽሐፍም ደብተርም ይዘጋል። ልጅቷ ባዶ ወረቀት ላይ ከዕለቱ ትምህርት የምታስታውሰውን ሁሉ ትጽፋለች። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ትሞላለች። ቀዩ የበዛበት ትምህርት ነገ መምህሩን የምትጠይቅበት ነው። ቀጥሎ የቤት ሥራ፤ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ደግሞ ያልገባትን ከጓደኛዋ ጋር ትነጋገራለች።

ይህች ሰዓት የምትበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መምህሩ ጠመኔ አንስቶ ቲቶሪያል ሲያደርጋት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ አንድ ክፍለ ጊዜ ተጨመረባት እንጂ አላጠናችም። ሁለተኛው የቡድን ሥራ ነው፤ አንዷ ጎበዝ ትሠራለች፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ሁሉም ራይት ያገኛሉ። መድኃኒቱ ዕጣ ነው። መልሱን ሰሌዳ ላይ የምታስረዳው ዕጣ የወጣላት ስለሆነች ሁሉም ሳይገባቸው አይነሱም።

ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ክፍል ትልቁ ጸጋ ግን ለእኔ ቤተ ሙከራው ነው። በድብልቅ ክፍል ዕቃውን ወንዶቹ ሲይዙ ሴቶቹ ሪፖርት ሲጽፉ ያላየ የሳይንስ መምህር ያለ አይመስለኝም። ወንዶቹ ስለሌሉ ብቻ ግን ነገሩ አይቃናም፤ ደፋሯ ዕቃውን ትይዝና ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። አራት አራት እየሆኑ አንዷ ዕቃውን ትያዝ፣ አንዷ ልኬቱን ታንብብ፣ አንዷ ትመዝግብ፣ አራተኛዋ የተመዘገበውን ታረጋግጥ፤ በሚቀጥለው ሙከራ ቦታ ይለዋወጡ።

ውኃ የማፍላት ሙከራ እዚህ ከተማ ሲሠራ በጣም ደስ ይለኛል። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናትና የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 90 ወይም 91 ላይ ቀጥ ይላል። ጫፉ የዕቃውን ቂጥ እንዳይነካ ያስፈልጋል፤ ከነካ ከውኃው ይልቅ በእሳቱ የጋለውን ቂጥ ሙቀት ያነባል። ብዙዎቹ ልጆች 91 እያዩ 100 ብለው ይጽፋሉ፤ ከዓይናቸው መጽሐፉን ያምናሉ። እዚህ ላይ መምህሯ መልሱን ባትነግራቸው ጥሩ ነው። «የባቄላ ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው እዚህ ነው ወይስ ቆላው ሸዋ ሮቢት?» ብላ ትጠይቅ። ንፍሮ ስትጥድ ያደገች ልጅ የአየር ግፊትን በዚያ ትይዘዋለች። የጓዳው ሥራ ለትምህርቷ ሲጠቅማት ማየት ደግሞ ልብ ይሞላል።

አቴንዳንስም በደንብ ከተነበበ ብዙ ይናገራል። በየሳምንቱ በገበያ ቀን የምትቀር ልጅ የጓዳ ሥራ ይኖርባት ይሆናል። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀረዋ ወር አበባዋ ይሆናል። በጥር የጠፋች ልጅ ሠርግ ሄዳ ይሆናል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መጠየቅ አለበት። በሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ይህን ለማለት ማፈር የለበትም።

ለወር አበባ አንዲት ጠባብ ክፍል ትበቃለች፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ውኃና ሳሙና፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ሞዴስ፣ ሁለት ሦስት ትርፍ የዩኒፎርም ቀሚስ። ቁልፉ ቢሮ ከተቀመጠ ክፍሏ እንደሌለች ቁጠሩት፤ የትኛዋ ልጅ ዩኒት ሊደር ፊት ቆማ ቁልፍ ትጠይቃለች? የሚታጠብ ሞዴስ ልጆቹ ራሳቸው በክበብ ቢሰፉ መልካም ነው፤ ለአንዲት ልጅ አምስት ስድስት ያስፈልጋታል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከር፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚመጣው ማድረቁ ላይ ነው። ልጆቹ አፍረው ከሌላ ልብስ ሥር ይደብቁታል፤ በሰኔ ጉም ደግሞ እንደረጠበ ይውላል፣ ይሸታል፣ ቆዳ ያሳክካል። ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ይህን ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለእናቷም መንገር ያስፈልጋል።

የጥናቷም ሰዓት የምትጸናው በወላጆች ነው። መስከረም ከገባ በኋላ «ልጄ ለምን ዘገየች?» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይመጣ፣ በነሐሴ ምዝገባ ላይ ክፍያው ሲነገር መውጫ ሰዓቷ 10:40 መሆኑ በጽሑፍ ይሰጥ፤ አባትም እናትም ይፈርሙ። አባት ብቻ ከፈረመ ውኃ የምታስቀዳት እናት አላወቀችም ማለት ነው። ልጆቹ በየሰፈራቸው ተቧድነው አብረው ይውጡ፤ የየቡድኑን ስም ዝርዝር ጥበቃው ይያዝ፤ ከእያንዳንዱ ቡድን ትልቋ ልጅ የመጨረሻዋን ቤቷ ሳታደርስ አትለይ። እንዲህ ከሆነ በጣም ሩቅ ያለችው እንኳ ሳይመሽ ትገባለች።