ውሃ በውሃ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቧንቧው ሲያስነጥስ ነቃሁ። ደሴ ኖሮ ይሄን ድምፅ ሰምቶ የሚተኛ የለም። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ወደ ብርድ ልብሴ ሮጥኩ።

የፊት ለፊቷን ጎረቤቴን አልቀሰቀስኳትም። ያን ጊዜ ውሃ ሲመጣ አልቀሰቀሰችኝማ! (ሦስት ቀን ሙሉ በታሸገ ውሃ ፊቴን የታጠብኩ ጊዜ።)

ደስ ሲል ግን! ያስፈራል እኮ።

ደግሞ ልኬን አላለፍኩም፤ ውሃ በውሃ ነው። «ዓይን ስለ ዓይን» ሲባል ጭካኔ ይመስለናል። ዘፍጥረት ላይ ግን ላሜሕ የሚባል ሰው አለ፤ ለቃየል ሰባት እጥፍ ከሆነ ለእኔ ሰባ ሰባት ነው ብሎ ሚስቶቹ ፊት የፎከረ። ከእሱ በኋላ አንድ ዓይን ብቻ ማለት ምሕረት አይደለም? ሐሙራቢም ከ3,700 ዓመት በፊት ዓይን በዓይን ብሏል። የጠፋው የተራ ሰው ዓይን ከሆነ ግን በብር ይታለፋል። ድሃ ያኔም ድሃ ነው። ቁርኣንም ቂሷስን፣ ማለትም በተደረገው ልክ መቅጣትን፣ ደንግጎ ለይቅርታ በር ይተዋል።

እኛም ዘንድ በምኒልክ ዘመን የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር። ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይተዉታል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። እያደር ቅጣቱ የመንግሥት ሆነ። ቂሙስ የማን ሆነ?

አያቴ «ዳኛ ገዳዩን ያስራል እንጂ ደሙን አያደርቅም» ይሉ ነበር። የሚያደርቁት አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ናቸው። ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ካሳ ቆርጠው፣ ዱዓ አድርገው። እኔን የሚገርመኝ ማግስቱ ነው። ልጁ የሞተበት አባት ሰኞ ገበያ ወርዶ ከገዳዩ ወንድም ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። በግ ያስማማል። ያልተበቀለ ወንድ እንዝርት ያዝ ተብሎ በሚሰደብበት አገር! ያ ሰው በእውነት ይቅር ብሎ ነው? ወይስ ደክሞት? አያቴን ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

እኔ በአንድ በርሜል ውሃ ስንት ወር...

ውይ፣ በርሜሉ! ሞልቶ ግቢውን አጥለቅልቆታል። የሚፈሰው ደግሞ ወደ እሷ ደጅ ነው። ይሄ ካሳ ነው ወይስ አዲስ ጠብ?