«ኔ»

ዛሬ በኦንላይን ስብሰባ መሀል ግሪካዊ የሥራ ባልደረባዬን «ፋይሉ ደረሰህ?» አልኩት። ሳያስበው በራሱ ቋንቋ «ኔ» አለኝ። እኔ «አይ» ያለ መሰለኝና ደግሜ ላክሁለት። «አሁንስ?» «ኔ፣ ኔ!» ሦስተኛ ላክሁ። ሰውየው ሳቁ አመለጠው። ለካ በግሪክኛ «ኔ» ማለት «አዎ» ነው!

ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ይቺን ቃል ሳሳድድ ዋልኩ። ቱርኮች ጋ «ምን?» ማለት ናት። ኮሪያዎች ከግሪኮች ጋር ምንም የቋንቋ ዝምድና ሳይኖራቸው እነሱም «አዎ» ይሉባታል። ጃፓኖች ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጓታል፤ እንደ እኛ «አይደል?» ዓይነት።

ጉዱ ያለው ቡልጋሪያ ነው። ከግሪክ ጋር ድንበር ይጋራሉ፤ ግን «ኔ» እነሱ ጋ «አይ» ነው። ይባስ ብሎ በልማድ «አይ» ሲሉ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃሉ። ድንበሩ ላይ የሚነግድ ሰው አሳዘነኝ።

ማታ ለባልደረባዬ «እኛ ደግሞ አፋችንን ትንሽ ከፈት አድርገን ‹ና› ካልን ‹ወደዚህ ምጣ› ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

«ኔ» ብሎ መለሰልኝ።